የማሰሮው ማማርና የጠጪው ጤና

ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች የተጻፈ ታሪክ ብዙ ነው፤ ስለ ማሰሮ የተጻፈ ታሪክ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡም ሆነ ድኻው ውሃውን የሚጠጣውና ወጡን የሚበላው ከአንድ ዕቃ ቀድቶ ስለ ሆነ፥ የዕቃው ነገር የሁሉ ነገር ነው። ጠላት ሳይገባበት፥ ሰይፍም ሳይመዘዝበት፥ የመጠጥ ዕቃ ብቻ ብዙ ቤት ያስለቀሰበት አገር መኖሩን ወጣቶች አንባቢዎቼ ቢያውቁት መልካም መስሎ ስለ ታየኝ ይህን ጥቂት ቃል ጻፍሁ። ዓመታቱን የጠቀስሁት፥ በተለይ ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሸክላ በእሳት ከተተኰሰ በኋላ እንኳ ገላው ቀዳዳ አያጣም። በአዲስ እንስራ ውሃ ሞልታችሁ ብታኖሩ ላቡ በውጭ ሲወርድ ታያላችሁ፤ ውሃው ቀዝቅዞ የሚጣፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለውሃ መልካም የሆነው ነገር ግን ለዘይት፥ ለወተትና ለጠጅ መልካም አይደለም፤ ይሰርጋል፥ ይሸታል፥ ለማጠብም ያስቸግራል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ቀዳዳውን የሚደፍኑበትን ብልሃት ሲፈልጉ ኖሩ። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች ያገኙት ብልሃት ጭቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ እያሹ ማለስለስ ነው፤ ከተተኰሰም በኋላ የቤት እመቤቷ ድስቱን ታሟሸዋለች፥ ምጣዱንም በጎመን ዘር ታስሰዋለች።

ሌሎች ሕዝቦች ደግሞ ሸክላውን መስተዋት ማልበስን ፈለሰፉ። መስተዋት ማለት የቀለጠ አሸዋ ነው። ነገር ግን ንጹሕ አሸዋ ብቻውን እንዲቀልጥ 1700 ዲግሪ የሚደርስ ግለት ያስፈልገዋል፤ ይህን ያህል ግለት ከሸክላ ሠሪ የእንጨት እሳት አይገኝም። እርሳስ የተባለው ማዕድን ተፈጭቶ ከአሸዋው ጋር ሲቀላቀል ግን ድብልቁ 1000 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይቀልጣል፤ ሸክላውንም እንደ ማር ያለብሰዋል። በቻይና በሃን ነገሥታት ዘመን፥ በታናሽ እስያም ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው በመጨረሻው መቶ ዓመት ግድም ይህ የእርሳስ ቅብ ይሠራበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ቅቡ ለሠሪው የሚመች ነው፤ እሳቱ ጥቂት ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይታገሣል፥ ቀለሙን ያደምቃል፥ ሲያዩትም ገና ከውሃ የወጣ ይመስላል። ሸክላ ሠሪ ቢወደው አይፈረድበትም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ እርሳስ የለበትም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። የአውሮፓም ሰዎች ጥቁረቱን ብቻ አይተው በእርሳስ ስም ይጠሩት ነበር። እኔ የምናገረው ጥይትና የመኪና ባትሪ ስለሚሠራበት ስለ ከባዱና ስለ ለስላሳው ብረት ነው። ደግሞም የሚያብለጨልጭ ዕቃ ሁሉ እርሳስ አለበት ማለት አይደለም። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ፥ ስሙ እንደሚመሰክረው፥ የቻይና ጥበብ ነው፤ ከ1200 ዲግሪ በላይ በሆነ ግለት ስለሚተኰስ ቅቡ እርሳስን አይለምንም። የሚያሳስበው ከቅቡ በላይ የሚጣለው ሥዕልና ቀለም ነው፤ ይልቁንም ከንፈር በሚነካው አፉ ላይ የሆነ እንደ ሆነ።

መርዙ የሚወጣው እንዲህ ነው። ቅቡ በሚገባ የተቀመመና በሚገባ የተተኰሰ እንደ ሆነ እርሳሱ በመስተዋቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። እሳቱ ካነሰው፥ ቅመሙም ካልተመዛዘነ፥ ወይም አረንጓዴ ቀለም ለማውጣት መዳብ ከተጨመረበት ግን እስሩ ይላላል። በዚህ ጊዜ ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ የወይን ጠጅ ወይም ቲማቲም የበዛበት ወጥ ሲያድርበት እርሳሱን እየፈታ ወደ ራሱ ይስበዋል። ከሁሉ የሚከፋው ምላስ አለማስጠንቀቁ ነው፤ እርሳስና ኮምጣጤ ተገናኝተው የሚያወጡት ጨው ይጣፍጣል። እንደ ሬት የሚመር ቢሆን ኖሮ ማንም ይተፋው ነበር።

ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ ካልሲየም የሚባለውን የአጥንት ማዕድን መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባና ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ትልቅ ሰው ከዋጠው ወደ ደሙ የሚያልፈው አንድ ዐሥረኛው ያህል ሲሆን፥ ከሕፃን ዘንድ ግን ግማሹ ያህል ሊያልፍ ይችላል። እናት በሆዷ ወደ ያዘችው ልጅም ይተላለፋል። ብዙ የወሰደ ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ይደርቅበታል፥ ደሙ ያንሳል፥ የእጁም አንጓ ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጥቂት የወሰደ ልጅ ግን ሕመም ሳይታይበት አእምሮው ይጐዳል፥ ትምህርቱ ይከብደዋል። በየአገሩ ሰነፍ እየተባለ የተገረፈ ልጅ ስንቱ ይሆን! የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን ይህ ነው ተብሎ የሚታወቅ የለም ይላል።

ይህ ሁሉ ትናንት የተገኘ ዕውቀት እንዳይመስላችሁ። ኒካንድሮስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ነጭ የእርሳስ ዱቄት የዋጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪዮስም ውሃ በእርሳስ ቧንቧ ከሚመጣ ይልቅ በሸክላ ቧንቧ ቢመጣ ለጤና እንደሚሻል አስተምሯል፤ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው እርሳስ የሚያቀልጡት ሠራተኞች መልካቸው መገርጣቱን ነው። ስለ ቧንቧ በሚጽፍበት ጊዜ የሠራተኛውን ፊት ማየቱ ደስ ያሰኘኛል፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ሊቃውንት ይህን ማድረግ ረስተዋል።

በጀርመን አገር በኡልም ከተማ ደግሞ ኤበርሃርድ ጎከል የተባለ ሐኪም በ1690ዎቹ ዓመታት መነኮሳት በሆድ ቁርጠት ሲሠቃዩ አይቶ፥ የወይን ጠጅ የማይጠጡት ግን ደኅና መሆናቸውን አስተዋለ። ተከታትሎ ሲመረምርም የኮመጠጠውን ወይን ለማጣፈጥ የእርሳስ ዱቄት እንደሚጨመርበት ደረሰበት። የቩርተምበርግ መስፍን በ1696 ይህን የሚያደርግ ሰው በሞት እንዲቀጣ አዋጅ አወጣ። የመስፍን አዋጅ የሚሠራው ግን እስከ ድንበሩ ድረስ ነው፤ ኮምጣጣ ወይን በሁሉ አገር አለ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ዴቨን የምትባል አውራጃ አለች። ምድሯ ለምለም፥ የፖም ዛፍ የሞላባት ናት፤ ከፖሙም ሲደር የሚባል ጠጅ ይጠመቃል። በ18ኛው መቶ ዓመት በዴቨን እርሻ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ከደመወዙ አንዱን ክፍል በሲደር ይቀበል ነበርና አልጠጣም ማለት ደመወዝን መተው ነበር። በዚህች አገር ፖም ተጨምቆ ጠጁ በሚደርስበት ወራት አንድ ክፉ ሕመም ይነሣ ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ቁርጠቱ ለቀናት አይለቀውም። ከዚያም እጆቹ ይዝላሉ፤ መዶሻ ያነሣ የነበረ ክንድ ማንኪያ ማንሣት ያቅተዋል። ስሙንም የዴቨን ቁርጠት አሉት። በፈረንሳይም ፖአቱ በሚባል አውራጃ እንዲሁ ያለ ሕመም ከ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ይታወቅ ነበር።

ሐኪሞቹ ዝም አላሉም። ዊልያም መስግሬቭ የተባለው በ1703 ስለ ሕመሙ ጻፈ። ጆን ሃክሰም የተባለውም ስመ ጥር ሐኪም በ1724 የተነሣውን ብርቱ ወረርሽኝ አይቶ ምክንያቱን በሲደሩ ኮምጣጣነት ላይ ጣለው። ወደ እውነት በጣም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ኮምጣጣው ምን እንደሚፈታ አልጠየቀም።

ይህን የጠየቀው ጆርጅ ቤከር ነው። ቤከር በ1722 በዚያው በዴቨን የተወለደ፥ በለንደን የሚኖር ሐኪም ነበር። እርሱ ያደረገው ነገር ለዛሬ ተማሪዎች ምሳሌ የሚሆን ነውና ዘርዘር አድርጌ ላውጋው። አስቀድሞ ዴቨንን ብቻ አልተመለከተም፤ ሲደር የሚጠመቅባቸውን ሌሎች አውራጃዎች፥ ሄርፎርድን፥ ግሎስተርንና ዉስተርን፥ ጠየቀ። እነዚያም ሰዎች ሲደር ጠጪዎች ናቸው፤ ቁርጠቱን ግን እምብዛም አያውቁትም። ሲደር ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሄርፎርድም በተኛ ነበር። እንግዲህ የሁለቱ አገሮች ልዩነት ምንድን ነው? ቤከር መልሱን ያገኘው በመጭመቂያው ላይ ነው። በሄርፎርድ የፖም መፍጫው ድንጋይና እንጨት ነው። በዴቨን ግን የመጭመቂያውን ዕቃ በእርሳስ ይለብጡታል፤ የመፍጫውንም ድንጋዮች መጋጠሚያ የቀለጠ እርሳስ አፍስሰው ይደፍኑታል።

ግምት ግን ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱም አውራጃ ሲደር አስመጥቶ ድኝ ባለበት መድኀኒት ፈተነው፤ በዚያ ዘመን እርሳስ መኖሩ የሚታወቀው ፈሳሹ በዚህ መድኀኒት ሲጠቁር ነበር። የዴቨኑ ጠቆረ፤ የሄርፎርዱ አልጠቆረም። ከዴቨኑም ሲደር ብረቱን ራሱን ለይቶ አወጣ። በሰኔ 1767 ይህን ሁሉ ጽፎ በለንደን ለሐኪሞች ኮሌጅ አነበበ።

አገሩ ያመሰገነው ይመስላችኋልን? ዴቨን በእርሱ ላይ ተቈጣች። ሲደሩ የአገሪቱ ሀብትና ክብር ነበርና አንድ የአገር ልጅ ለንደን ተቀምጦ የእናቱን ጓዳ አዋረደ ተባለ። ፍራንሲስ ጊች የተባለ የፕሊመዝ ሐኪም ወዲያው የተቃውሞ ጽሑፍ አወጣ፤ ቶማስ አልኮክ የተባለ ቄስም በ1769 ቁርጠቱ በእርሳስ ምክንያት የመጣ አይደለም ሲል መጽሐፍ አሳተመ። እነዚህን ሰዎች ክፉዎች ብሎ መናገር አይገባም፤ የሚወዱት ነገር ሲነካባቸው ማስረጃውን ሳይሆን ነኪውን ተመለከቱ። እኔ እስከማየው ድረስ አገርን መውደድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የአገርን ነውር ይሸፍናል፥ ሁለተኛው ይታጠባል። ቤከር ከሁለተኛው ወገን ነበር። የዴቨን ገበሬዎችም በአፋቸው እየተሳደቡ በእጃቸው ግን እርሳሱን ከመጭመቂያቸው ቀስ በቀስ ነቀሉት፤ ሕመሙም እየቀነሰ ሄዶ በሚከተለው መቶ ዓመት ሊጠፋ ተቃረበ።

ማሰሮ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የቤከር ተቃዋሚዎች እርሳስ በሌለበት መጭመቂያ የተጨመቀ ሲደር የጠጡ ሰዎችም ታመዋል ይሉ ነበር። ጄምስ ሃርዲ የተባለ ሐኪም ግን በ1778 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎቹን ወደ ገዛ ጓዳቸው መለሳቸው። በሰሜን ዴቨን ባርንስተፕልና ቢደፎርድ የሚባሉ ከተሞች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ማሰሮአቸውም ቢጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፥ በእርሳስ የተቀባ ነበር። ሲደሩ ከበርሜል ተቀድቶ የሚቀመጠው፥ ወደ እርሻም የሚወሰደው በዚሁ ማሰሮ ነው። መጭመቂያው ንጹሕ ቢሆንም ማሰሮው ሥራውን ይሠራል። መጭመቂያ የጥቂት ባለርስቶች ንብረት ነው፤ ማሰሮ ግን በእያንዳንዱ ድኻ ቤት አለ። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ምክንያት መንቀል ሲቀል ሁለተኛውን መንቀል የከበደው።

ከባሕር ማዶ ይህን ነገር የሚከታተል አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ እርሱም ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በወጣትነቱ በለንደን ማተሚያ ቤት ሲሠራ፥ የእርሳስ ፊደሎችን በእሳት እያሞቁ የሚለቅሙ ሠራተኞች እጃቸው ሲሰንፍ አይቶ ነበር። በአሜሪካም የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በ1723 አረቄ በእርሳስ ቧንቧ እንዳይወጣ በሕግ መከልከሉን ያውቅ ነበርና ይህን ለቤከር ነገረው። በፓሪስም በአንድ ሆስፒታል በቁርጠት የተኙትን ሰዎች ስምና ሙያ የሚያሳይ ዝርዝር አግኝቶ ሲመለከት፥ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም እርሳስ በሚነካ ሥራ የሚያድሩ ሆነው አገኛቸው። በሐምሌ 1786 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፥ ጠቃሚ እውነት ታውቆ ሳለ ሰው ሳይቀበለውና ሳይሠራበት ስንት ዘመን እንደሚቈይ እያዘነ ያነሣል። ይህን ዓመት አስታውሱልኝ።

በእንግሊዝ አገር መካከል ስታፎርድሽር በሚባል አውራጃ ስቶክ ኦን ትሬንት የሚባሉ የሸክላ ከተሞች አሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ከዚያ የሚወጣው ሳህንና ኩባያ ዓለምን ሞላ። የፋብሪካው ዕቃ በሚገባ የተተኰሰ ስለ ሆነ በላተኛውን እንደ ዴቨን ማሰሮ አይጎዳም ነበር፤ መርዙ የቀረው በሠራተኛው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የተተኰሰውን ዕቃ በቅብ ገንዳ ውስጥ የሚነክር ሰው አለ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ይርሳል፥ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል፥ ሲደርቅም ዱቄት ሆኖ ይቦናል። ሴቶችና ልጃገረዶች ደግሞ የተረፈውን የደረቀ ቅብ በቢላዋ እየፋቁ ዕቃውን ያስተካክላሉ፤ ዱቄቱን ይስቡታል፥ ምሳቸውንም በዚያው ክፍል ይበሉታል። ነካሪ ከሌላው ሠራተኛ የበለጠ ደመወዝ ያገኝ ነበር፤ ይህ ጭማሪ የጤናው ዋጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሳሙኤል ስክሪቨን የተባለ የመንግሥት መርማሪ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በእነዚህ ከተሞች ስለሚሠሩ ልጆች መርምሮ ነካሪዎችን የሚያገኛቸውን ቁርጠትና ሽባነት በሪፖርቱ አስፍሯል። ሄንሪ በርተን የተባለ ሐኪምም በ1840 እርሳስ በሰውነቱ የገባ ሰው በድዱ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር እንደሚታይበት ገለጠ፤ ስለዚህ አላወቅንም ማለት ከዚያ ወዲህ አይቻልም፤ አፍ አስከፍቶ ማየት ይበቃ ነበር። መንግሥት በ1893 የመጀመሪያዎቹን ሴቶች የፋብሪካ ተቈጣጣሪዎች ከሾመ በኋላ ደግሞ ወንዶቹ ያልጠየቁት ጥያቄ ተጠየቀ፤ በእርሳስ ክፍል ከሚሠሩት ባለትዳር ሴቶች ስንቶቹ ፅንስ እንዳስወረዳቸው፥ ስንቶቹ የሞተ ልጅ እንደ ወለዱ መጻፍ ጀመረ። ሚሊሰንት የተባለችው የሰዘርላንድ መስፍን ሚስት ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣችው። የመስፍን ሚስት በመሆኗ ተሰማች፤ የነካሪው ሚስት ስትናገር የሰማ አልነበረም።

በ1898 መንግሥት ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለውን ኬሚስትና ቶማስ ኦሊቨር የተባለውን ሐኪም እንዲመረምሩ አዘዘ። እነርሱም በሚቀጥለው ዓመት ባቀረቡት ሪፖርት ለአብዛኛው ዓይነት ዕቃ እርሳስ የሌለበት ቅብ መሥራት እንደሚቻል፥ እርሳስ ግድ በሆነበትም ስፍራ አስቀድሞ ከአሸዋ ጋር ቀልጦ መስተዋት ከሆነ በኋላ ቢፈጭ በሆድ ውስጥ በቀላሉ እንደማይሟሟ አስረዱ። የፋብሪካ ባለቤቶች ግን ዕቃችን መልኩ ይበላሻል፥ ገበያውን ለባዕድ እናስረክባለን ብለው ተከራከሩ።

የዚህ ክርክር አስገራሚነት የሚገባችሁ አንድ ነገር ስነግራችሁ ነው። ጆን ሮዝ የተባለ የኮልፖርት ሸክላ ነጋዴ እርሳስ የሌለበት መልካም ቅብ ሠርቶ በለንደን ከሚገኘው የጥበባት ማኅበር የወርቅ ሜዳይ የተሸለመው በ1820 ነው። በእንግሊዝ የሸክላ ፋብሪካዎች ጥሬ የእርሳስ ቅብ በደንብ የተከለከለው ግን በ1947 ነው። በሜዳዩና በደንቡ መካከል 127 ዓመት አለ። ብልሃቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ተሸልሞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ በዚህ አበቃ ቢባል ደስ ባለኝ። ፋብሪካው ሲሻሻል ግን ሸክላን በእጅ መሥራት ለብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ደስታ ሆነ፤ ተጓዡም ከየአገሩ የሚያምር ማሰሮ ማስታወሻ እያደረገ ገዛ። በ1970 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የሚኖሩ ሐኪሞች ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች በእርሳስ መመረዛቸውንና አንደኛው መሞቱን በሕክምና መጽሔት አስታወቁ። ልጆቹ ጥይት አልዋጡም፥ ቀለም አልላሱም፤ የፖም ጭማቂ ነበር የጠጡት። ጭማቂው የተቀመጠው ቅቡ በሚገባ ባልተሠራ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነበር። ፖምና የእርሳስ ማሰሮ፤ ዴቨን እንደገና! ፍራንክሊን ደብዳቤውን ከጻፈ 184 ዓመት ሆኖት ነበር። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ ከገበያ የተገዙና በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የእጅ ሥራ ክፍል የተሠሩ 264 ቅቦችን ፈትነው ግማሹ ያህል ለምግብና ለመጠጥ የማይሆን ሆኖ አገኙት።

ይህ ልጅ ከሞተ በኋላ ነው ብዙ አገሮች መጠን ያወጡት። በአሜሪካ ከ1971 ጀምሮ፥ በአውሮፓም ማኅበር በ1984 በወጣው መመሪያ ከዕቃው ሊወጣ የሚፈቀደው የእርሳስ ልክ ተወሰነ፤ የአሜሪካው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ጠብቋል። የፈተናው ዘዴ ቀላል ነው፤ በመቶ 4 እጅ የኮምጣጤ አሲድ ያለበት ውሃ በዕቃው ውስጥ 24 ሰዓት ይቀመጥና ምን ያህል እርሳስ እንደ ወጣበት በመሣሪያ ይለካል። እነሆ ደንቡ ዴቨን በማሰሮዋ ታደርገው የነበረውን ያንኑ ነገር በላቦራቶሪ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ የሚጠጣው አለመኖሩ ነው።

በሜክሲኮ ግን ፈተናው ዛሬም በሰው ላይ ነው። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዓመት ከመምጣታቸው በፊት የአገሩ ሕዝብ ሸክላውን እንደ እኛ በድንጋይ አሽቶ ያለሰልሰው ነበር፤ የእርሳስን ቅብ ያስተማሩት ስፔኖች ናቸው። ቅቡን ግሬታ ይሉታል፤ ባቄላና ቲማቲም የሚቀቀልበት ማሰሮ ሁሉ በእርሱ ይለበጣል። በ2018 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ1 እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች ከአምስቱ የአንዱ ያህል ደም ከተወሰነው ልክ በላይ እርሳስ ተገኝቶበታል። የሚገርመው፥ ቅቡን በግቢው የሚበጠብጠው፥ ምድጃውንም ከቤቱ ጐን የሚያነደው ሸክላ ሠሪ ከሁሉ በፊት የሚመርዘው የራሱን ልጆች መሆኑ ነው። ቦሮን የሚባል ማዕድን እርሳሱን እንደሚተካ ታውቋል፤ መንግሥትም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምርበት ቈይቷል። ነገር ግን አዲሱ ቅብ የተሻለ እሳት ይፈልጋል፥ የተሻለ ምድጃ ማሠሪያ ገንዘብም ይፈልጋል፤ ገዢ ደግሞ የሚከራከረው በዋጋው እንጂ በቅቡ አይደለም።

የእኛ ጀበናና ድስት ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው፤ እናቶቻችን መስተዋት ስላላለበሱት። ይህን ስል ለትምክሕት አይደለም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ እያልን ከማኅበር ስናርቅ ኖረናልና የምንኮራበት ነገር የለንም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ቈየ። ዛሬ ሸክላ ሥራ እንደገና ሲከበርና ለእንግዳ ሲሸጥ ደስ ይለኛል፤ ዳሩ ግን ሸክላዋ እንዲያብለጨልጭ የምትፈልግ ሠሪ ምልክት የሌለው የቅብ ዱቄት በከረጢት ቢቀርብላት ምን እንዳለበት ማን ይነግራታል? ስንንቃት የኖርን ሰዎች እንድታምነን መጠበቃችንስ እንዴት ነው?

ከየት እንደ መጣ የማታውቁት፥ ቅቡ የተሰነጠቀ ወይም የሚፈገፈግ፥ ለምግብ ነው ተብሎ ያልተሸጠ የሚያብለጨልጭ ሸክላ በቤታችሁ ቢኖር፥ ዓይን አይቶ ሊለየው፥ ውሃም አጥቦ ሊያነጻው አይችልም። ሎሚ አትጭመቁበት፥ ጠጅ አታሳድሩበት፥ ለሕፃን ወተት አታፍሉበት። መልኩን የወደደ ሰው አበባ ይትከልበት።